የሶዳ ውሃ

ኮልፌ፣ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአቶ ይገዙ ሀብተሥላሴ፣ ባሉበት።

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናትዎ እምዬ ፀዳለም አሉ፤ ጉልበታቸው እንጂ አፋቸው አልደከመም። «ልጄ ሶማሌ አገር ባሕር ዳርቻ ታስሮ ዓሣ ይበላል አሉ፤ እኛ እዚህ ጾም ሳይገባ እየጾምን ነው ብለሽ ጻፊለት» ብለውኛል። ይኸው ጽፌያለሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ተከፍቶ ነው። እኔም ሌላ ሰው እንደሚያነብበው አውቄ ስለምጽፍ፣ መልሴ ቢያጥርብዎ ይቅር ይበሉኝ።

ውሃ ከየት ትቀጃለሽ ላሉኝ፣ ምንጩ አሁን በሽቦ ውስጥ ነው። የጣልያን ወታደር ሰፈር እስከ ዝግባዎቹ ድረስ ወርዷል። የመጠጡን ከወንዝ አመጣለሁ፤ ዳገቱን በእንስራ የሚወጣ ውሃ ደግሞ ለጉሮሮ እንጂ ለጓሮ አይተርፍም።

ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት፤ የወታደር ልብስ አጣቢ ሆኛለሁ። ልብሱንና አንድ በርሜል ውሃ በጋሪ አምጥተው ያወርዱልኛል፤ የማጥበው ባኞ በሚሉት የቆርቆሮ ገንዳ ነው። የሚከፍሉኝ ዱቄት ነው። እንዶድ አይወዱም። ቅማል የሚሞተው በሶዳ ነው ብለው ነጭ ዱቄት በጆንያ ሰጥተውኛል። እጅ ይልጣል፤ ልብሱን ግን ያነጣዋል።

እጣቢውን ጓሮ ውስጥ አፈስሰዋለሁ፣ እምዬ ፀዳለ የእንዶዱን እጣቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያፈስሱት እንደኖሩት። ንጹሑን ውሃ ለሌላ ነገር እንዳልነካ ተከልክያለሁ፤ ቆሻሻውን ግን የተመኘው የለም፣ የኔ ነው። ጌሾው፣ ጎመኑና ድንቹ በጋውን የሚሻገሩት በእሱ ነው። ከደረቀ ባለቤት የሌለው መሬት ነው ተብሎ ለመንግሥት እንደሚገባ ነግረውናል።

አይስጉ። አረንጓዴ እንደሆነ ይቆይዎታል።

ጉዲቱ ቱሉ


ከእስር ቤት፣ መጋቢት ፳፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለጉዲቱ።

ደብዳቤሽን ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። የእምዬን መልእክት ሲሰሙ የሳቁት ሳቅ ዘበኛውን አስደነገጠው። ዓሣውን እስካሁን አላየሁትም በያት።

አጣቢ ሆኛለሁ ብለሽ አንገትሽን አትድፊ። ስለ ጤናዬ የጠየቅሽውን ደኅና ነኝ በሚለው እለፊው። ሌላውን ስገናኝሽ እነግርሻለሁ።

እጣቢውን ለጓሮ ማድረግሽ ደግ ነው፤ ግን እንዲያው አታፍስሺው። አመድ ጨምሪበት። አባቴ ጌሾ ሥር አመድ ሳይነሰንስ አይውልም ነበር። ቅጠሉ ሲገረጣ አመድ፣ ትል ሲገባው አመድ፣ ደኅና ሲሆንም አመድ። ምድጃውን ጠርገሽ ሌላ ቦታ እንዳትደፊው አደራ።

አንድ ነገር ግን ከልብሽ ያዥልኝ። እዚህ ያለን ሰዎች ስንፈታ ወዴት እንደምንገባ እናወራለን። አንዱ ወደ ንግዱ፣ አንዱ ወደ ወንድሙ ይላል። እኔ ያ መሬት ብቻ ነው ያለኝ። ስሙ ከእስረኛ ጋር የተጻፈ ሰው ማን ያሳርሰዋል? መሬቱ ካለ ባለርስት ነኝ፣ ከሌለ ለማኝ ነኝ። ስለዚህ ምንም ቢሆን እንዳይነጠቅ።

ይገዙ


ኮልፌ፣ ነሐሴ ፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአቶ ይገዙ።

እንዴት ሰነበቱ? ለመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደኅና ነገር አገኝ ብዬ ስጠብቅ ነው ወሩ ያለፈው፤ አላገኘሁም።

ጌሾው እንዴት ነው ላሉኝ፣ ጌሾው ከጫፉ እየነደደ ነው። ቅጠሉ ዳር ዳሩን እሳት የላሰው ይመስላል። አመዱን እንዳዘዙኝ ጨመርኩ። ይኸው በጋው ሳያልቅ የመሬቱ ፊት ነጭ ሆነ። እምዬ ፀዳለ ውርጭ ነው አሉ። እኔም ውርጭስ ፀሐይ ሲወጣ ይሄዳል፣ ይሄ የሚመጣው ፀሐይ ሲወጣ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው የዘመኑ ውርጭ ነው» ብለው ዘጉኝ።

ክረምቱ ያጥበዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ዝናቡ መጣ፤ መሬቱ ግን አልጠጣም አለ። ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ዶማ ሳነሳ እጄን ያነዝረኛል እንጂ አይገባም። ርቦት ይሆናል ብዬ አመዱን አበዛሁለት፤ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ከኛ ዝቅ ብላ ያለችው ደሜ፣ ያቺ በየካቲቱ ባሏን ያጣችው፣ ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ጎመን ትሰጠኛለች። መጥታ አፈሩን በጣቷ ነካ አደረገችና «ኧረ ጉዲቱ፣ ምን አበላሽው?» አለችኝ። ጎረቤታችን መገርሳም ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ ያለ ነገር አላየም። እኔም አላየሁም። እርስዎ የሚያውቁት ካለ ይላኩልኝ።

ጉዲቱ


ከእስር ቤት፣ ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ጉዲቱ፣

ሰላምታውን ይቅር በይኝና ከሁሉ በፊት አቁሚ። እጣቢውንም አመዱንም ከጓሮው አርቂ።

እዚህ ከሕሙማኑ ዳስ ጀርባ የልብስ እጣቢ የሚደፋበት ቦታ አለ። እነሱም የሚያጥቡት በሶዳ ነው። አገሩ ጨው ነው፣ የጉድጓዱ ውሃ ራሱ ጨው ጨው ይላል፤ ቢሆንም ዙሪያውን እሾህ ይበቅላል። እጣቢው የሚደፋበት ላይ ግን እሾህም አይበቅልም። ላዩ ነጭ፣ ሥሩ ጥቁር፣ ውሃ የማያሰርግ። ደብዳቤሽን ይዤ እዚያው ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። የጻፍሽው በሙሉ ከፊቴ ነበር።

እምዬ የምታፈስሰው የእንዶድ እጣቢ ነበር። እንዶድ ፍሬ ነው፣ አፈር ይበላዋል። ሶዳ ግን አፈሩን ይበላል። አመድም ከሶዳ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ብቻውን ሲሆን ይጠቅማል፣ በዚህ ላይ ሲጨመር ግን ነገሩን ያባብሰዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ከዚህ ሆኜ አዘዝኩሽ፤ አንቺም ዓይንሽ ያየውን ትተሽ የኔን ሰማሽ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

አሁን ይህን አድርጊ። ውሃው የሚወርድበት ቦይ ቅደጂ። እበትና ገለባ ካገኘሽ ቆፍረሽ ቅበሪበት። ክረምቱ ደጋግሞ ቢያጥበው በሦስት በአራት ዓመት ይመለስ ይሆናል። ይመለስ ይሆናል ነው የምልሽ፤ አላውቅም።

ይገዙ


ኮልፌ፣ የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለባለቤቴ።

ይህን የሚያመጣልዎ የሰፈራችን ልጅ ሰይፈዲን ነው፤ ወደዚያ በሚመላለስ ካሚዮን ላይ ረዳት ሆኗል። በሌላ ሰው ዓይን ስለማያልፍ እንደልቤ እጽፍልዎታለሁ። እንዴት ነዎት? እውነቱን ይንገሩኝ። ደኅና ነኝ የሚለውን ጠግቤዋለሁ።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ቦዩን ቀደድኩ። እበቱን መገርሳ ሰጠኝ፣ ገለባውን ከደሜ ተበደርኩ። ልቀብረው ስል ግን ጣልያኖቹ መጡ።

ለመኮንኖቻቸው የአትክልት ቦታ ይፈልጋሉ። ቀላድ የሚጥሉ ሁለት ወታደሮች፣ አንድ አስተርጓሚ፣ አንድ መነጽር ያደረገ የእርሻ አዋቂ ነኝ ባይ። ከየጓሮው አፈር እያስቆፈረ ያያል። ከመገርሳ ጓሮ ጭብጥ አንስቶ አሸተተው፣ በመዳፉ ፈረፈረው፣ ደስ አለውና ካስማ አስተከለበት። ከደሜም ላይ እንዲሁ። ከኛ ሲደርስ ዶማው እንቢ አለ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ቅራፊ አነሳና ምላሱ ላይ አደረገው። ወዲያው ተፋው፣ አፉን በመሐረብ ጠረገ፣ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው «ይህ መሬት ሞቷል ይላሉ» አለኝ። ካስማ ሳይተክሉ አለፉን። ከደረቀ ለመንግሥት ይገባል ያሉትን እንኳ አላነሱትም፤ የሞተውን የሚፈልገው የለም።

እምዬ ፀዳለ እልል ሊሉ ሲሉ አፋቸውን በነጠላዬ ያዝኩ።

ካስማ የተተከለበትን የሚረከቡት ከክረምቱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሰውዬው ሁሉንም ደግሞ ያያል አሉ፣ የኛንም። አገግሞ ካገኘው ይወስደዋል። እንደሞተ ካገኘው ይተወዋል። እበቱና ገለባው ከደጅ ተከምሯል፣ ባኞው ደግሞ ሞልቷል። እኔ መካከል ቆሜያለሁ። የት ላፍስሰው?

ጉዲቱ


ሚያዝያ ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ጉዲቱ፣

ሰይፈዲን አጠገቤ ቆሞ ስለሚጠብቀኝ አላረዝምም።

ጓሮው ውስጥ አፍስሺው።

ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ወረቀቱን ሁለቴ አስቀምጬ አንስቻለሁ። አያቴ ድንጋይ ለቅሞ ያቀናው፣ አባቴ ላዩ ላይ የሞተበት አፈር ነው። ቢሆንም የሞተ መሬት ይዤ ልግባ እንጂ ሕያው መሬቴን ሰው ሲያርሰው ከአጥር ውጭ ቆሜ አላይም። ለም አፈር ባይሆንም የኔ ይሁን። አመዱንም ጨምሪበት።

ስለ ጤናዬ እውነቱን ይንገሩኝ ብለሻል። ድዴ ይደማል፣ ጥርሴ ይነቃነቃል። ከኔ የባሱ አሉ። በቃ ይኸው ነው።

ይገዙ


ኮልፌ፣ ኅዳር ፳፮ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአቶ ይገዙ።

ክረምቱን እንዴት አለፉት? ድድዎን ሎሚ ካገኙ ይሹት። ሰይፈዲን ሎሚ እንዲገዛልዎ ለምኜዋለሁ፤ መንገድ ላይ ካልበላው ይደርስዎታል።

ተመልሰው መጡ ወይ ላሉኝ፣ መጥተው ሄደዋል። መሬቱ የእርስዎ ነው። መነጽራሙ ሰውዬ የኛን ከሩቅ አይቶት እግሩን እንኳ አላነሳም።

ነገሩ ግን በኛ ብቻ አልቀረም። ከመጋቢት ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ደሜ እንስራ ይዛ መጣች። ውሃ ልትበደረኝ መስሎኝ «ንጹሕ የለኝም» አልኳት። «ቆሻሻውን ነው የምፈልገው» አለች። ካስማው ጓሮዋ መካከል ቆሟል፤ ልጆቿን ይዛ የምትገባበት ዘመድ የላትም። ቀዳሁላት። በማግስቱ ሌላዋ መጣች፤ ወሬ ክንፍ አለው። ሴቶቹ ገንቦና ቅል እየያዙ እጣቢ ለመቅዳት ደጄ ላይ ተራ ጠበቁ። የሰፈሩ ዘበኛ አይቶ ምንድነው ቢለኝ እምዬ ፀዳለ ቀደም ብለው «ለእግር ቁስል ነው በይው» አሉኝ። ለእግር ቁስል አልኩት። ከዚያ ወዲህ እሱም እግሩን ይነክር ገባ።

መገርሳ ብቻ አልቀዳም። ራሴ ባልዲ ሞልቼ ሄድኩለት። «ከብት ይታረዳል፣ አፈር አይታረድም» አለኝ። መሬትህን ይወስዱታል ስለው፣ «ወስደው ያርሱታል እንጂ ይበሉታል እንዴ?» ብሎ ባልዲውን መለሰልኝ። እምዬ ፀዳለ በግ ከበረረ፣ ሞኝ ካመረረ መመለሻ የለውም ብለው ተናደዱበት። እኔም ተናደድኩ። በጥቅምት ጣልያን አጥሮ ወሰደበት፤ ቆርቆሮውን ነቅሎ፣ ሚስቱን ይዞ ሰበታ ዘመድ ጋ ገባ። ሲሄድ ደጄ ቆሞ ተሰናበተኝ። እያዘንኩለት ውስጤ ደግሞ ብልጧ አንቺ ነሽ ይለኝ ነበር።

ዳገቱ አሁን ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። ከመገርሳ በቀር ከኛ ሰፈር ካስማው ያልተነቀለለት ሰው የለም። ደሜም መሬቷ ቀረላት። ደሜ ግን

ስለ ደሜ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ሰይፈዲን ቸኩሏል።

ጉዲቱ


ኮልፌ፣ ሰኔ ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ለባለቤቴ።

የላኩት ሰላምታ ደርሶናል። እምዬ ፀዳለ ዓይናቸው ደክሟል፤ የእርስዎን ጽሕፈት ግን በጣታቸው ይዳስሱታል።

ስለ ደሜ ለምን አቋረጥሽ ብለውኛል። ሰይፈዲን አልቸኮለም ነበር። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ትንሿ ልጇ ኩፍኝ ያዛት። ኩፍኝ ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት ነው፤ ደኅና የሚበላ ልጅ ያልፈዋል። ደሜ ሌላ ማሳ የላትም፤ ያ ጓሮ ነበር ጎመኑም፣ ድንቹም፣ በቆሎውም። እኔ በወታደር ዱቄት ስኖር እሷ ከጓሮው በቀር ምንም እንደሌላት አውቅ ነበር። እንስራዋን ስሞላላትም አውቅ ነበር። ከዱቄቴ አካፈልኳት፤ ለአምስት ነፍስ ግን የት ይደርሳል? ልጅቱ ልትሞት ሰሞን ቆዳዋ ከአጥንቷ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ቀብር መልስ ደሜ አጠገቤ ተቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «መሬቱ እንኳ ቀረልኝ» አለች። ይህንን ስትል ፊቷን አየሁት፤ ለማሾፍ አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሌሎቹም እየሄዱ ነው። ማንም ሳያባርራቸው። አንዱ ወደ ሆለታ፣ አንዱ ወደ መርካቶ ለኩሊነት። መሬታቸው አለ፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖባቸው ነው። ደሜና እኛ ቀርተናል። እሷም የወታደር ልብስ ታጥባለች፤ ባኞዬን ለሁለት ይዘነዋል። እጣቢውን አሁን ወደ ገደሉ ነው የምደፋው። የሞተው ይበቃል።

ይህንን በመጻፌ ካሳዘንኩዎት ይቅር ይበሉኝ። ጠየቁኝ፣ መለስኩ።

ጉዲቱ


መቋዲሾ፣ መጋቢት ፮ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለጉዲቱ።

ተፈታሁ! እንግሊዞች ገብተው በሩን ከፈቱት። ስንወጣ ግማሾቻችን መሄድ አልቻልንም፤ እኔ ግን እሄዳለሁ። ጥርሴ አልቋልና ስታዪኝ እንዳትስቂ። ብትስቂም ግድ የለኝም።

በካሚዮንም በእግርም እስከ ጅጅጋ እደርሳለሁ። እዚያ የሰይፈዲን አጎት ቤት አርፋለሁና መልስሽን በዚያ ላኪልኝ።

አደራ፣ በሬ ለምነሽ ከቤቱ በታች ያለውን አሳርሺ። ሦስት ክረምት አልፎበታል፣ መቼም ታጥቦ ይሆናል። እኔ ዘር ይዣለሁ። አንድ የሐረርጌ ሰው የሞተ ወንድሙን ስለቀበርኩለት የሰጠኝ ነጭ ማሽላ ነው፤ በደረቅ መሬት ይበቅላል አለኝ። በደረቴ አስሬዋለሁ። በእጄ ልዘራው ነው። ስለ ደሜ ልጅ ያዘንኩትን ደሜን ሳገኛት ለራሷ እነግራታለሁ፤ እንዴት እንደምነግራት ግን እስካሁን አላወቅሁም።

ይገዙ


ኮልፌ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአቶ ይገዙ፣ ጅጅጋ።

እንኳን ከዚያ ቦታ ለመውጣት አበቃዎት። ደብዳቤዎን ለእምዬ ፀዳለ ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። ሳይጎርሱ ውለው ማታ «ጥርስ የሌለው ልጅ ከወለድኩ ቆየሁ» አሉና ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ።

መሬቱ ታጥቧል ወይ ብለዋል። በሬ ለምኜ ነበር። ማረሻው ከጫፉ ተሰብሮ ባለበሬው ተሳድቦ ሄደ። ቦይ በቀደድኩበት ጎን ሣር ብቅ ብሏል፣ የእጅ መዳፍ ታህል። ሌላው እንደነበረ ነው። ድንበሩ ግን አልተነካም፤ አንድ ክንድ እንኳ አልተወሰደብዎትም።

ጣልያን መጋቢት ውስጥ ለቀቀ። ሽቦውን እኛው ነቀልነው፣ ምንጩንም አገኘነው። በሳምንቱ መገርሳ ከሰበታ መጣ። ወደ ጓሮው ሲገባ ከኋላው ገባሁ። ቧንቧ ተዘርግቶበታል። የበቅሎውን ፋንድያ ሁሉ ሲያፈስሱ የከረሙት እዚያ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ እጄን ብከትተው እስከ ክንዴ ገባ። ጎመኑን ሳይለቅሙት ነው ጥለውት የሄዱት። ቲማቲሙ ከነፍሬው፣ ድንቹ ከነሥሩ። መገርሳ የሚያደርገው ጠፍቶት መካከሉ ላይ ቁጭ አለ።

ለሁለት ክረምት እንኳ አልቆዩበትም፣ ጌታዬ። እኛ ለዘላለም የመጡ መስሎን ነበር።

ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አልሳቀም። በማግስቱ ጎመንና ድንች ተሸክሞ በየቤቱ አደረሰ፤ ለደሜ አብልጦ ሰጣት። ደሜ ተቀብላ አመሰገነችው። ሲሄድ በአጥሩ በኩል የመገርሳን ጓሮ ስታየው ቆየች፣ ሕፃን ያዘለች ይመስል ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች። ያን ያየሁ ቀን እርስዎንም ራሴንም ጠላሁ። ዛሬ ግን እርስዎን አልጠላዎትም።

ይምጡ። መሬቱ ይኑር አይኑር እኔ የጠበቅሁት እርስዎን ነው፤ መጀመሪያ ሰው ያነብበዋል ብዬ፣ ኋላም አፍሬ ሳልጽፈው ነው አራት ዓመት ያለፈው። ቤት አለ፣ እናትዎ አሉ፣ ውሃም አሁን ከደጅ አለ። የማጥበው የሰው ልብስ አይጠፋም፤ በእንዶድ አጥባለሁ።

ዘሩን ግን ለሰይፈዲን አጎት ይስጡት። እሳቸው የሚዘሩበት አላቸው።

ጉዲቱ